«ዘዴ» ወይስ «ሥነ ዘዴ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ስለ ሰፈራችን ነዋሪዎች የቋንቋ አጠቃቀም የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት እየጻፍኩ ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ «የጥናቱ ዘዴ» ስለው አማካሪዬ «ሥነ ዘዴ በይው» አሉኝ። ሶፍትዌር የሚሠራው ወንድሜ ደግሞ «ሜቶዶሎጂ (የሥነ ዘዴ እንግሊዝኛው) እኮ ሌላ ነገር ነው» ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይስሟቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

«ዘዴ» ያው ብልሃት፣ መላ ነው። «ሥነ» ከግእዙ «ሠነየ» ይመጣል፤ አማረ፣ ተዋበ ማለት ነው። በዚያ ከሄድን ሥነ ዘዴ «የዘዴ ውበት» ሊሆን ነው! ግን ሥነ ልቦና፣ ሥነ ሕይወት እያልን «ሥነ»ን የዕውቀት ዘርፍ መጠሪያ አድርገነዋል። ስለዚህ ሥነ ዘዴ ዘዴውን ራሱን መመርመር ነው።

በእርስዎው ሰፈር ላሳይዎት። ቤት ለቤት እየዞሩ መጠይቅ ማስሞላት ዘዴ ነው። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢያንኳኩ ግን ማን ይከፍትልዎታል? ሠራተኛው ገና ሳይነጋ ታክሲ ተሰልፎ ወደ መሀል ከተማ ሄዷል። የሚያገኙት ጡረተኛውን፣ አራሷን፣ የቤት ሠራተኛዋን ነው። የእነሱን መልስ «የነዋሪው ቋንቋ» ቢሉት ጉድ ፈላ። «እሑድ የሄድኩት ለዚህ ነው፤ እሑድም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን የሄደው ያመልጠኛል» ብለው መከራከር ሲጀምሩ ያኔ ሥነ ዘዴ ውስጥ ገቡ።

ወንድምዎም አልተሳሳተም። በእሱ ሙያ ሜቶዶሎጂ የሥራው አካሄድ በሙሉ ነው። «አጃይል» የሚሉት፣ ሥራውን በአጫጭር ዙር ከፋፍሎ በየዙሩ ለደንበኛው እያሳዩ መሄድ፣ አንዱ ነው። እኔ ብሆን «የአሠራር ስልት» እለዋለሁ። (ስልት ሲሉ የዜማ መሪጌታ ከሰማዎት ግን ወሬው ወደ ሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ስልቶች፣ ወደ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ መዞሩ ነው።) መምህራን ማሠልጠኛ ቢሄዱ ደግሞ ሥነ ዘዴ የሚባለው የማስተማር ብልሃት ነው። የላብራቶሪ ሰዎች ይህን ሁሉ ጣጣ ትተው «ቁሳቁስና ዘዴ» ብለው ያልፉታል።

ምዕራፍዎ መጠይቁንና የናሙናውን ብዛት ብቻ የሚዘረዝር ከሆነ «የጥናቱ ዘዴ» ይበቃዋል። የእሑዱን ክርክር ካስገቡበት አማካሪዎ ልክ ናቸው። «ሥነ ዘዴዎች» ብቻ እንዳይሉ አደራ፤ የበዙት ዘዴዎቹ ናቸው።