ጥያቄና መልስ፦ ሆስፒታል የተኛ አጫሽን እንዴት እናግዘው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሲጋራና ስለ ሆስፒታል ናቸው። ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ አባቴ በልብ ሕመም ሆስፒታል ከተኙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የማስታምማቸው እኔ ነኝ። «አንድ ሲጋራ ብቻ አምጪልኝ፣ አለዚያ ወደ ቤት እሄዳለሁ» ይላሉ። ይቆጣሉ፣ እንቅልፍም የላቸው። ልግዛላቸው?

መልስ፦ አትግዢ፣ እህቴ። ቁጣውና እንቅልፍ ማጣቱ የኒኮቲን ሱስ ነው፤ አባትሽ ስለከፉ አይደለም። ሱሱ በጣም የሚያስቸግረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። አምሮቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ያቺን ሰዓት አጫውቻቸው፣ ውሃ ስጫቸው፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ኮሪደሩ ላይ አብራችሁ ተራመዱ።

ለሐኪማቸው ደግሞ ዛሬውኑ ንገሪ። በቀን ስንት ያጨሱ ነበር? ጠዋት ተነስተው የመጀመሪያውን የሚለኩሱት በስንት ደቂቃ ነው? በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንካራ ነው። የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። በሁሉም ፋርማሲ ላታገኙት ትችላላችሁና ቀደም ብለሽ አፈላልጊ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ክብሪት መጫር ክፍሉን ሙሉ ሊያቃጥል ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ለሕመምተኞቼ «ሲጋራ ያቁሙ» እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ያቁሙ» የሚለውን ከሚስትም ከልጅም ሰምተውታል። አንቺ ጠይቂያቸው። «ለማቆም ሞክረው ያውቃሉ? ያኔ ምን አስቸገረዎት?» ብለሽ ቁጭ በይና መልሱን ስሚ። ሰው ታሞ ሲተኛ ስለ ጤናው የሚያስበው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ነው፤ ይህ ቀን እንዲሁ ሲያልፍ ያንገበግበኛል።

ዋናው ሥራ ግን ከወጡ በኋላ ነው። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ሆስፒታል የተጀመረ ምክር ሰውየው ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ወር ከቀጠለ የሚያቆሙት ሰዎች ይጨምራሉ። አልጋው ላይ ብቻ የቀረ ምክር ያን ያህል ውጤት አላሳየም። ስለዚህ ሕመምተኛው ሲወጣ ስልኩን ያዢ። በመጀመሪያው ሳምንት ደውይለት፣ ከዚያም እንደገና። አንቺ ባይመችሽ ከሥራ ባልደረቦችሽ አንዱ ይደውል። የመድኃኒት ቀጠሮ እየሰጠን የሲጋራውን ነገር በር ላይ መተው ትክክል አይደለም።

እንደ ክሎዛፒን (ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው) ያሉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሲያቆም መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል ለሐኪሙ አስታውሺ።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ቀዶ ሕክምና አለኝ። ጓደኞቼ «በአንዴ ማቆም ሰውነት ያናጋል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዛሬ አቁም። አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀድሞ ያቆመ ሰው ቁስሉ በደንብ ይድናል፣ የሳንባ ችግርም ይቀንስለታል።

ጥያቄ፦ ከሃያ ሲጋራ ወደ አንድ አወረድኩ። አይበቃም?

መልስ፦ መቀነስህ ጥሩ ነው፣ በርታ። ግን ለልብ አይበቃም። በቀን አንድ በሚያጨስ ሰው ላይ ሲጋራው የሚጨምረው የልብ ሕመም አደጋ ሃያ በሚያጨሰው ላይ ከሚጨምረው ግማሽ ያህል ነው። አንዷንም ተዋት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነገ ከሆስፒታል ይወጣል። ጫት ሲይዝ ሲጋራ ሳያጨስ አይሆንለትም። እንዴት ላግዘው?

መልስ፦ ከመምጣቱ በፊት መተርኮሻውንና ላይተሩን ከቤት አውጪ። ጫቱንም አብሮ እንዲተው አነጋግሪው፤ ሁለቱ አንድ ላይ የለመዱ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ይጠራል። አብረውት የሚቅሙ ጓደኞቹ «እንኳን ማረህ» ሊሉት ሲመጡ ቡና አፍልተሽ ተቀበያቸው፤ ሲጋራ ግን ውጭ እንዲተዉ ቀድመሽ ንገሪያቸው። አንድ ቀን ተሳስቶ ቢያጨስ አትቆጪው። በማግስቱ እንደገና ይጀምር፣ ለሐኪሙም ይንገር።