«ደህና ነኝ» እያለች የግፊት መድኃኒቷን ታቆማለች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ታዞላታል፤ እሷ ግን ራሷን ሲያማት ብቻ ነው የምትውጠው። «ከለመድኩት አልላቀቅም፣ ኩላሊቴንም ይጨርሰዋል፣ እግሬንም አሳበጠው» ትላለች። አሁን ጸበል ጀምራለች፤ ጾም ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አትነካውም። መጨቃጨቅ ሰለቸኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጭቅጭቁን ተይው። እናትሽ መድኃኒቱን የተዉት ረስተው አይደለም፣ ፈርተው ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ሆርን እና ዋይንማን የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 324 የረጅም ጊዜ ሕመምተኞችን ጠይቀው ነበር፤ «ይጎዳኛል» የሚለው ስጋት «ያስፈልገኛል» ከሚለው እምነት ሲበልጥ ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እንደማይወስድ አዩ። ስለዚህ ፍርሃታቸውን አንድ በአንድ ስሚያቸው።

ስለ እግራቸው እውነታቸውን ነው! አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ይህን «ልክ ነዎት» ብለሽ ንገሪያቸው፤ ከዚያ በኋላ ሌላውንም ያምኑሻል። ሐኪማቸው እብጠቱ ከልብ ወይም ከኩላሊት አለመምጣቱን አይቶ መጠኑን ይቀንሳል ወይም በሌላ ይለውጠዋል።

ኩላሊትን የሚጎዳው ግን ያልታከመ ግፊት ራሱ ነው። ሰው ጎረቤቱ ለዓመታት ክኒን ሲውጥ ያያል፣ በኋላ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ጀመረ ሲባል ይሰማል፣ በቃ፣ ጥፋቱ በመድኃኒቱ ይላከካል። ሱስም አያስይዝም። ሲያቆሙ ግፊቱ የሚመለሰው በሽታው ስላልሄደ ነው።

«ራሴን ሲያመኝ ብቻ» ብለው መዋጣቸውን ግን እንዳትንቂው፣ ትልቁ ችግር እሱ ጋ ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ 170 ሆኖም ሰው ቡናውን አፍልቶ፣ ገበያ ደርሶ ይመጣል። አምሎዲፒን ደግሞ ተውጦ በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙን ለማግኘትም በየቀኑ መዋጥ አለበት። ራሳቸውን ሲያማቸው ቢውጡት ሕመሙ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ ምስጋናው ግን ለክኒኑ ይሆናል።

ጸበሉን ተዪ አትበያቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ለኤችአይቪ ታካሚዎች ተናግረዋል፤ ለግፊትም ያው ነው። ጾሙም መላ አለው፦ አምሎዲፒን ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይዋጣል፣ ስለዚህ ማታ ከእራት በኋላ ያድርጉት። አንድ ቀን ካመለጣቸው በማግስቱ ሁለት አይውጡ።

አሁን በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ይለኩ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊላቸው። በየቀኑ እየዋጡ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ይለኩና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን በዓይናቸው ይዩ። በመሃል ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ አንደበታቸው ከተሳሰረ ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።