«መቆለፉንማ አውቃለሁ»

ልጆቼ፣

አንድ ታካሚ ነበረኝ። በሩን ይቆልፋል፣ እጀታውን ስቦ ያያል። ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ግን ይመለሳል። ከቤት ለመውጣት ብቻ 40 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። «ዶክተር፣ መቆለፉንማ አውቃለሁ። ግን አልዋጥልኝ አለ» አለኝ።

ኦሲዲን፣ ማለትም ሳይፈልጉት እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብና ጭንቀቱን ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት ያለበትን የአእምሮ ሕመም፣ ከዚህ በተሻለ የገለጸልኝ ሰው የለም። በሽታው የእውቀት ማነስ አይደለም። የእምነት መጉደልም አይደለም።

ከዓይናችን በላይ፣ ከግንባራችን ጀርባ ኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ። አንዱ ሥራው «እዚህ ጋ ልክ ያልሆነ ነገር አለ» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው። መልእክቱ ስትራየተም ወደሚባለው የአንጎል የውስጥ ክፍል ይሄዳል፤ ታላመስ በሚባል ሌላ የውስጥ ክፍል በኩል ዞሮ ወደተነሳበት ይመለሳል። ነገሩ ከተጣራ በኋላ ማስጠንቀቂያው መብረድ ነበረበት። ኦሲዲ ባለበት ሰው ግን ይህ ዑደት ከመጠን በላይ ይሠራል። በሩ ተቆልፏል፣ ጭንቀቱ አልቆመም። ሲመለስ ለጥቂት ደቂቃ ፋታ ያገኛል። አንጎልም ከዚያች ፋታ ይማራል፤ «ለካ ያዳነኝ መመለሴ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ ስጀምር «አይዞህ፣ ተቆልፏል» እያልኩ ታካሚዎቼን አጽናና ነበር። ደግነት መስሎኝ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ለካ የእኔ ማጽናኛም በሩን ተመልሶ እንደማየት ሆኖባቸው ኖሯል። እስካሁን ይቆጨኛል።

የሚረዳው ሕክምና ከባድ ነው፤ አልዋሻችሁም። የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ ይቀርቡታል፣ ጭንቀቱን ለማብረድ የሚደጋግሙትን ድርጊት ግን አይፈጽሙም። ያ የበሩ ታካሚዬ አንዴ ብቻ ቆለፈና ደረጃው ላይ አብረን ቁጭ አልን። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ትከሻው ወረደ። ያን ቀን አልተመለሰም።

በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አፌን አስይዞኝ ነበር። ተመራማሪዎቹ የታካሚዎችን አንጎል ከሕክምና በፊትና በኋላ በፔት ስካን፣ የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ የምስል ምርመራ፣ አዩ። የስትራየተም አካል የሆነው የቀኙ ኮዴት የሚጠቀመው ግሉኮስ (ስኳር) በመድኃኒት በተሻላቸው ሰዎች ላይ ቀንሷል። እንዲህ ባለ ልምምድ ብቻ በተሻላቸውም ላይ እንዲሁ! ደረጃ ላይ ቁጭ ማለት አንጎል ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ሴሮቶኒን በሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችም ይረዳሉ። ለውጡ እስኪታይ ግን ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። በ3ኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተው ወጣት ብዙ ነው። እባካችሁ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቁሙ።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእናንተ ዕድሜ፣ በወጣትነት ነው። የሚደበቀውም ያኔ ነው። በተለይ የሚወዱትን ሰው የመጉዳት ሐሳብ ሳይፈልጉት ብልጭ የሚልባቸው ልጆች «ክፉ ሰው ሆኛለሁ» ብለው ለዓመታት ዝም ይላሉ። ሐሳቡ እንዲህ የሚያስጨንቃችሁ ስለማትፈልጉት ነው። እኔ ይህንን ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም አይደነግጥም። ከየት እንደምትጀምሩ ከጠፋችሁ «ሐሳቡ አልለቅ አለኝ» በሉ። የቀረውን እኛ እንጠይቃለን።