የባቡሩን ሰፈር በምን እናስታውሰው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በድሬዳዋ ከዚራ ሲሆን አባቴም አጎቴም በምድር ባቡር አገልግለዋል። የሰፈራችን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ ያንን ዘመን የሚያስታውስ የጥበብ ሥራ በአደባባይ ለማቆም ኮሚቴ አቋቁመናል። ይሁን እንጂ ገና ከመነሻው በሐሳብ ተለያይተናል፤ ግማሾቻችን ትልቅ የሲሚንቶ ባቡር ይቁም ስንል፣ ሌሎቹ ያረጁ የባቡር ዕቃዎች ተበይደው ሐውልት ይሁኑ ይላሉ። ቀራፂውን ምን ብለን እንዘዘው?

የምድር ባቡር ልጅ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ሁለቱንም ሐሳቦች ለጊዜው እንድታቆዩአቸው እመክራለሁ። እናንተ ለቀራፂው የምትሰጡት ታሪኩን ነው፤ ቅርጹን ማግኘት የእርሱ ሙያ ነው። ባቡር እንዲሠራ የታዘዘ ቀራፂ ባቡር ሠርቶ ይሄዳል።

በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው መድረሱን፣ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት መቆርቆሯን ማንም አንብቦ ያገኘዋል። ከመጽሐፍ የማይገኘው በጥገና ክፍሉ ውስጥ የነበረው ኑሮ ነው፦ የፈረንሳይኛው የመሣሪያ ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተናጋሪዎች አፍ እንዴት እንደተለወጠ፣ ሚስቶች የሌሊት ተረኛ ባሎቻቸውን እንዴት ይጠብቁ እንደነበር፣ የመጨረሻው ባቡር የሄደ ዕለት ሰፈሩ ምን እንደመሰለ። ስለዚህ ከገንዘባችሁ የመጀመሪያውን ጥቂት ብር በሕይወት ያሉትን አዛውንት ሠራተኞች ድምፅ ለመቅረጽ አውሉት። ቀራፂው የሚነሣው ከዚያ ነው።

አዛውንቱ የግድ ባቡር ይፈልጋሉ ብላችሁ ግን አትደምድሙ። በእንግሊዝ አገር በሴንት ሄለንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በተዘጋ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ቦታ ላይ ሐውልት ለማቆም ሲታሰብ፣ ስፔናዊው ቀራፂ ዣውሜ ፕሌንሳ በመጀመሪያ ያቀረበው በማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖስ ላይ የተመሠረተ ንድፍ ነበር። ይህን ያልተቀበሉት ግን ፋኖሱን ይዘው ጉድጓድ ሲወርዱ የኖሩት የቀድሞዎቹ ቆፋሪዎች ራሳቸው ናቸው፤ ወደ ፊት የሚመለከት ሥራ ይሁንልን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የቆመው 20 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ዓይኗን የጨፈነች ልጃገረድ ነጭ ራስ ነው።

በአንጻሩ አዲስ አበባ ለገሃር ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ተመልከቱ። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል የቆመ፣ በወረራው ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ የተመለሰ ታላቅ ሐውልት ነው፤ የባቡር ጣቢያው ምልክት ሆኖ ቢታወቅም ስለ ባቡር ሠራተኛው የሚናገረው አንዳች ነገር የለውም። (አንበሳውን እወደዋለሁ፤ ለሠራተኛው ግን ሌላ ሐውልት ያስፈልገዋል።)

ዕቃዎቹን የመበየዱ ሐሳብ ያሳስበኛል። አንድ ጊዜ ተቆርጦ የተበየደ የባቡር ክፍል ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም፤ ንብረቱም የሰፈሩ አይደለም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ መነካካት ይከለክላል። ባለንብረቱንና የከተማውን የባህል ቢሮ በጽሑፍ ሳትጠይቁ አንዲት ብሎን እንኳ አታንሡ። ብረት ከፈለጋችሁ አዲስ ብረት ይግዛ። በዚያው በእንግሊዝ አገር በጌትስሄድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1998 የቆመው ክንፋሙ የቀራፂው አንቶኒ ጎርምሊ ሐውልት የተሠራው ላዩ ዝጎ ውስጡን ከሚጠብቅ የብረት ዓይነት በመሆኑ ቀለም አይፈልግም። የድሬዳዋ ፀሐይ ግን ብረትን እንደ ምጣድ ስለሚያግል፣ ልጆች የሚደርሱበትን ክፍል ከድንጋይ ማድረግ ይሻላል። ቦታው ወደ ደቻቱ ወንዝ የቀረበ ከሆነም የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ አስባችሁ መሠረቱን መሐንዲስ ያጥናው።

ለውድድሩ ሦስት ቀራፂዎችን ምረጡና ለእያንዳንዳቸው የንድፍና የትንሽ ሞዴል ዋጋ ክፈሉ፤ በነጻ የተጠየቀ ንድፍ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሥራ የተረፈ ይሆናል። ሞዴሎቹን በመጀመሪያ ለአዛውንቱ አሳዩአቸው። ከአሸናፊው ጋር በምትፈርሙት ውል ውስጥ ክፍያው በየደረጃው እንደሚፈጸም፣ ከዓመታት በኋላ ሥራው ቢሰነጠቅ ማን እንደሚጠግነው፣ ሐውልቱን ማዛወር ቢያስፈልግ ቀራፂው እንደሚጠየቅ በግልጽ ይስፈር። ለጥገና የሚሆነውን ገንዘብም ከአሁኑ በኮሚቴው ስም በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡት።