ለዲፌንስ ስላይድ ትራንዚሽን የት ይግባ?

ሰላም እህቴ። የማስተርስ ዲፌንስሽ እንደደረሰና በጅማ ዞን የታጠበ ቡና አዘገጃጀት ላይ የሠራሽውን ጥናት እንደምታቀርቢ ጽፈሻል። የፓወር ፖይንት ስላይዶቹ ላይ ትራንዚሽን (ከአንዱ ስላይድ ወደ ሌላው ሲታለፍ የሚታየውን እንቅስቃሴ) ላድርግ ወይስ ልተወው፣ ካደረግኩስ የትኛውን ነው ያልሽው። እዚሁ ጅማ ለሥልጠናም ለስብሰባም ስላይድ ሳዘጋጅ ዓመታት ስለሆነኝ የማውቀውን ልንገርሽ።

አድርጊ፤ አብዛኛውን ስላይድ ግን እንዳለ ተዪው። ትራንዚሽን ለተመልካቹ የሚነግረው ነገር ሊኖር ይገባል። «ወደ ሌላ ክፍል ገባን» ወይም «ይሄ የቅድሙ ቀጣይ ነው» ካላለ ሰውን ከንግግርሽ ያዘናጋል እንጂ አይጠቅምም።

እኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ስላይዶች ያለ ምንም ትራንዚሽን ነው የማሳልፈው። ከጥናት ዘዴው ወደ ውጤቱ፣ ከውጤቱ ወደ ማጠቃለያው ስሻገር ብቻ ፌድ (አንዱ ስላይድ እየደበዘዘ ሌላው የሚተካበትን) እጠቀማለሁ። ከአንድ ሰከንድ አላስበልጠውም።

ፑሽ (አዲሱ ስላይድ የቀድሞውን ገፍቶ የሚገባበት) ቅደም ተከተል ላለው ነገር ጥሩ ነው። ያንቺ ርዕስ ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ቀይ እሸቱ ይለቀማል፣ ይፈለፈላል፣ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል። እነዚህን አምስት ስላይዶች በሙሉ ከቀኝ በሚገባ ፑሽ አስኪጃቸው። ሥራው ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ፑሽ ስትመርጪ መጀመሪያ ከታች ነው የሚገፋው፤ ኢፌክት ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተሽ ቀይሪው። አቅጣጫውን መሀል ላይ አታቀያይሪ።

በደንብ እንድታስቢበት የምፈልገው ግን የጥናት አካባቢ ካርታሽን ነው። ብዙ ተማሪ የኢትዮጵያን፣ የኦሮሚያን፣ የጅማ ዞንንና የወረዳውን ካርታ አንድ ስላይድ ላይ ያጨናንቃል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው አንዱንም አያነብም። ሞርፍ የሚባለው ትራንዚሽን ይህንን ይፈታልሻል። የአገሪቱን ካርታ ያለበትን ስላይድ ዱፕሊኬት አድርጊ። በሁለተኛው ላይ ያንኑ ካርታ ጅማ ዞን ስክሪኑን እስኪሞላ አስፊው። ከዚያ ለሁለተኛው ስላይድ ሞርፍ ስጪው። ካርታው ራሱ ወደ ጅማ እየቀረበ ይሄዳል፤ «ዞኑ የት ነው?» የሚል አይኖርም። ስታሰፊው እንዳይደበዝዝ ጥራት ያለው ምስል ተጠቀሚ። ሞርፍ የሚሠራው በፓወር ፖይንት 2019 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት፣ እንዲሁም በማይክሮሶፍት 365 ነው። የቆየ ቨርዥን ላይ ፌድ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አዳራሹ ያለውን ኮምፒውተር ቀድመሽ እዪው፤ ከተቻለ የራስሽን ላፕቶፕ አገናኚ።

ኩብ፣ ኦሪጋሚ፣ ራንደም የሚባሉትን ትራንዚሽኖች፣ ድምፅ ያላቸውንም ጭምር እርሺያቸው።

ሌላው፣ ሪሃርስ ታይሚንግስን (ስትለማመጂ በየስላይዱ የወሰደብሽን ሰዓት የሚመዘግበውን) ከፍተሽ ተለማምደሽ ሰዓቱን ሴቭ ካደረግሽ ስላይዶቹ በዲፌንሱ ቀን ሳትነኪያቸው ራሳቸው ይቀያየራሉ። ይህ እንዳይሆን ትራንዚሽንስ ውስጥ «አፍተር» የሚለውን ምልክት ከሁሉም ላይ አጥፊ፤ በክሊክ ብቻ ይሂድ። ኤግዛሚነር «እስቲ ስላይድ 12ን መልሺልኝ» ካለሽ ደግሞ 12 ጽፈሽ ኢንተር ንኪ፣ ቀጥታ ይወስድሻል። የዚያ ስላይድ ትራንዚሽን ያኔም ስለሚታይ ነው አጭር ይሁን የምለው።

የፒዲኤፍ ቅጂም ፍላሽ ላይ ያዢ። ፒዲኤፍ ትራንዚሽን የለውም፤ እያንዳንዱ ካርታ የራሱ ርዕስ ይኑረውና ብቻውንም ይነበብ።