ከላይቭ ሮኩ ጋር ምን ተሳፍሮ መጣ? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምመልሰው በላይቭ ሮክ፣ ማለትም ከባሕር ከነነዋሪዎቹ በወጣ ድንጋይ፣ ተሳፍረው የጨው ውሃ ዓሣ ታንክ ስለሚገቡ ፍጥረታት ብቻ ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር አትርሱ፦ መጠኑ ስንት ነው፣ የሚታየው ቀን ነው ወይስ ማታ፣ ሲነኩት ምን ያደርጋል። ከወዲሁ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድንጋይ አይቀቀልም። ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

ጀማሪ 40፦ ጋሼ፣ ድንጋዩ ላይ ትል አየሁ። ምንድን ነው?

መላሽ፦ ትል ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። መጠኑስ? ጠጉር አለው? ከላይ ያለውን አንብበህ ተመለስ።

የዳላሷ፦ ማታ በባትሪ ሳይ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሮዝ መልክ ያለው ትል አለ። በሁለቱም ጎኑ ነጭ ጠጉር አለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ኮራል ይበላ ይሆን?

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ተራው ባለ ጠጉር ትል ነው፣ ተይው። ዓሣ የተወውን ምግብ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ፣ ከድንጋይ ሥር የተወሸቀ ቆሻሻ ይበላል። እሱ ባይበላው ያ ሁሉ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሞተ ዓሣ ላይ ተከምሮ ሲያገኘው «ገደለው» ይላል። ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ ነው እንደማለት ነው።

መፈራት ያለበት ሄርሞዳይስ፣ የእሳት ትል የሚሉት ነው። ከካሪቢያን በመጣ ድንጋይ ላይ ተጠንቀቂ። ወፍራም ነው፣ ጠጉሩ በየጎኑ እንደ ጥጥ ጉንጉን ይቆማል፣ ሥሩ ላይ ቀላ ያለ ጊል (መተንፈሻ) አለው፣ ጭንቅላቱ ላይ ደግሞ የተሸበሸበ ሥጋ ይታያል። በጎርጎንያ (ለስላሳ፣ ቅርንጫፋም የኮራል ዘመድ) ወይም በኮራል ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ጫፉን አፉ ውስጥ ከትቶ ሥጋውን ይመጣል። ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ነጭ አጥንት ሆኖ ከቀረ እሱን ፈልጊ።

ሦስተኛው ወገን ዩኒሲድ ነው። ጭንቅላቱ ላይ 5 አንቴና አለው፣ ሰውነቱ በባትሪ ብርሃን ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ቀለም እየለዋወጠ ያብረቀርቃል። እስከ 3 ሜትር የሚያድገው ቦቢት ትል ከዚህ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን 5 አንቴና ያየ ሁሉ «ቦቢት አገኘሁ» ብሎ ታንኩን አያፍርስ። ትናንሾቹ ዩኒሲዶች ብዙዎቹ ፍርፋሪና አልጌ ለቃሚ ናቸው። ከጣት የወፈረ ከሆነና ዓሣ ማታ ማታ እየጠፋ ከሆነ ግን ድንጋዩን አውጥታችሁ ለብቻው ባልዲ ውስጥ አኑሩት።

ትል የሚበዛው በምግቡ ልክ ነው። መግደያ ከመግዛትሽ በፊት የምትሰጪውን ምግብ ቀንሺ። በባዶ እጅ አትንኪው፤ ጠጉሩ እንደ ቁልቋል እሾህ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከገባም አትሺው፣ ፕላስተር ለጥፈሽ ንቀይውና አቼቶ ቀቢበት።

የዱባዩ፦ ቡናማ፣ ግንዱ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሲነኩት ሽምቅቅ ይላል። አይፕታዥያ (እንደ አረም የሚዛመተው የባሕር አኔሞኒ) ይመስለኛል። በወረንጦ ብነቅለው በሳምንቱ 6 ሆነ።

መላሽ፦ ዘራኸዋ! ድንጋዩን ከያዘበት እግሩ የቀረች ብጣሽ ራሷን ችላ ትበቅላለች። መቁረጥ፣ መፋቅ፣ መጨፍለቅ የለም። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በጥቂት ውሃ እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪወፍር አቡካ። ፓምፑን ሁሉ አጥፋ። በስሪንጅ ቀድተህ ጫፉን ሳታስነካው ወደ አፉ አስጠጋና ቀስ ብለህ አልብሰው። ቸኩለህ ከነካኸው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ልፋትህም መና ይቀራል። 15 ደቂቃ ጠብቀህ ፓምፑን አብራ። በአንድ ቀን ከአራት አምስት በላይ አትምታ፣ ፒኤች ያሻቅብብሃል፤ ትንሽ ታንክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጓንትና መነጽር አድርግ፣ ዱቄቱ ዐይን ያቃጥላል።

ቀይ ባሕር፦ ይህን ሁሉ ከመልፋት 3 ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ማስገባት አይቀልም?

ባለ ትንሿ ታንክ፦ ሱቆች ፔፐርሚንት ብለው ካሜል ሽሪምፕ ይሸጡልሃል። እሱ ደግሞ አይፕታዥያውን ትቶ ዞአንቲድህን፣ እነዚያን አበባ መሳይ የኮራል ዘመዶች፣ ይበላል።

ቀይ ባሕር፦ ልዩነቱን የማያውቅ አይግዛ። ካሜሉ ጀርባው ጎባጣ ነው፣ ነጭ መስመርና ነጠብጣብ አለው።

ባለ ትንሿ ታንክ፦ ትክክለኛውም ቢሆን ከጠገበ አይነካውም። በርጊያ የሚባለው ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ይሻላል፣ ከአይፕታዥያ ሌላ አይቀምስም።

ቀይ ባሕር፦ በርጊያህን ሲክስላይን የሚባለው ዓሣ ሲበላልህ እንነጋገራለን።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ስለዚህ ይብቃ። በርጊያ አይፕታዥያው ሲያልቅ በረሃብ ይሞታል። ለአምስት አይፕታዥያ አይገዛም፣ ለመቶ ይገዛል።

የሚኒሶታው፦ ማታ ማታ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ቀንድ አውጣና ሸርጣን ሰብሮ የሚበላው ማንቲስ ሽሪምፕ ነው?

መላሽ፦ በድምፅ ብቻ አይፈረድም፣ ፒስቶል ሽሪምፕም ያንኑ ያሰማል። ፒስቶል አንዱ ጥፍሩ ከሌላው እጅግ ይተልቃል፤ ተወው። ማንቲስ ዐይኖቹ በዘንግ ላይ ሆነው ለየብቻ ይዞራሉ፣ የፊት ክንዶቹን እንደሚጸልይ ሰው ደረቱ ላይ አጥፎ ይይዛል። ደጃፉ ላይ የቀንድ አውጣና የሸርጣን ስብርባሪ ከተከመረ ማስረጃው እሱ ነው።

ቀዳዳው የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሆነ ካወቅህ ድንጋዩን ብቻ አውጥተህ ባልዲ ላይ ያዘው። ቀዳዳው ውስጥ ጣዕም ያልገባበት ጋዝ ያለው ውሃ፣ የአምቦ ውሃ ዓይነት፣ በስሪንጅ ጨምርበት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲያፍነው ወጥቶ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል። ድንጋዩን ከመመለስህ በፊት በታንክ ውሃ አለቅልቀው። ጣትህን ቀዳዳ ውስጥ እንዳትከት፣ ጥፍር ይሰነጥቃል።

የዳላሷ፦ ጥፍሩ ጫፍ ላይ ጥቁር የሆነ፣ ጠጉራም ሸርጣንስ?

መላሽ፦ አውጪው። ብርጭቆ ውስጥ ቁራጭ ሽሪምፕ ጨምረሽ ማታ ድንጋዩ ላይ አጋድመሽ አስደግፊው። ይገባል፣ በሚያንሸራትተው መስታወት መውጣት ያቅተዋል። የጥፍሩ ጫፍ እንደ ማንኪያ የጎደጎደው ግን በዋናነት አልጌ በል ነው። ከፖሲሎፖራ ኮራል ቅርንጫፎች መሀል የምትኖረውን ትንሽ ሸርጣን፣ ትራፔዝያንም አትንኩ፣ ኮራሏን ከጠላት የምትጠብቅ ዘበኛ ናት።

ባለ ትንሿ ታንክ፦ ድንጋዩን 10 ደቂቃ ቀቅሎ ከዚህ ሁሉ መገላገል አይቻልም?

መላሽ፦ አይቻልም! ዞአንቲድ፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባለው ወገኑ ያለበት ድንጋይ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከሃዋይ ፓሊቶአ ተለይቶ የታወቀ፣ ከተፈጥሮ መርዞች መካከል ከኃይለኞቹ ተርታ የሚመደብ ነው። መፍላት አያጠፋውም። ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይተነፍሰዋል፣ ውሻውም ጭምር። ሳል፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ የጡንቻ ሕመም ይከተላል። ማይክሮዌቭም፣ ፈላ ውሃ ማፍሰስም፣ በብሩሽ መፈተግም፣ ግፊት ባለው ውሃ ማጠብም ያው ናቸው።

ፓሊቶአ ማስወገድ የፈለገ ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ እንዳለ ከነፖሊፑ (ከነእንስሳው) ይስበር እንጂ አይፋቀው። ውሃውም ፊት ላይ አይረጭ። ሕመም ከተሰማችሁ መስኮት ከፍታችሁ ሁላችሁም ከቤት ውጡ፣ ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ፓሊቶክሲን» የሚለውን ቃል ተናገሩ። ካልነገራችሁት ጉንፋን ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

የዱባዩ፦ ታዲያ ደረቅ ድንጋይ ብንገዛስ?

ቀይ ባሕር፦ ደረቅ ድንጋይ በድን ነው። ስድስት ወር ዲኖፍላጀሌት ከሚባለው፣ ድንጋዩን በዝልግልግ ከሚሸፍነው ረቂቅ ፍጥረት ጋር ትታገላለህ።

የሚኒሶታው፦ ከዲኖና ከማንቲስ ዲኖን እመርጣለሁ።

መላሽ፦ ይህን ክርክር በሌላ ቀን።

ቤቢ ሻርክ፦ ጋሼ፣ ለ200 ሊትር ምን መብራት ይሻላል?

መላሽ፦ ዛሬ አይደለም።

የሚኒሶታው፦ ጠንካራ ቱቦ፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ይለቃል። ኮራሉም ተኮማትሯል።

መላሽ፦ ቬርሜቲድ ነው፣ ቱቦ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ። ቱቦውን ከሥሩ ስበርና ቀዳዳውን በሱፐር ግሉ ጄል ድፈነው። ዱቄት ምግብ የምትረጭ ከሆነ ተው፣ በድሩ አጥምዶ የሚበላው እሱን ነው። ቱቦው ለስላሳ ሆኖ ሁለት ቀጫጭን ክር ከወጣበት ግን ስፓዮኒድ ትል ነው፣ ጉዳት የለውም።

ቤቢ ሻርክ፦ ጋሼ ባለ ጠጉር ትል አየሁ፣ ልግደለው?

መላሽ፦ ለየዳላሷ የመለስኩትን አንብብ። ምግብ ቀንስ። እንዳትቀቅል።

ቀይ ባሕር፦ አዲስ ድንጋይ ሲመጣ አሠራርህ ምንድን ነው?

መላሽ፦ ዓሣም ኮራልም የሌለበት ባልዲ፣ ማሞቂያና ጠንካራ ፓምፕ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ስፔሲፊክ ግራቪቲው (የጨዋማነቱ መለኪያ) 1.025። ከመጀመሪያው ደቂቃ ድንጋዩን በሌላ ባልዲ የታንክ ውሃ ውስጥ ነቅንቁት፤ የሚወድቀውን በነጭ ሳሕን ላይ ዘርግታችሁ እዩት። የሚሸት፣ የበሰበሰ ስፖንጅ ካለ ቆርጣችሁ ጣሉ። ከዚያ ቢያንስ 4 ሳምንት፤ አሞኒያና ናይትራይት 0 ሳይሆኑ ወደ ታንክ አይገባም። ማታ ማታ ባትሪው ላይ ቀይ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ተመልከቱ፣ ብዙዎቹ ቀይ ብርሃን አያስደነግጣቸውም። ለአይፕታዥያ 4 ሳምንት ላይበቃ ይችላል፣ ብጣሿ እስክታድግ አትታይም።

ጀማሪ 40፦ ተመለስኩ። 20 ሚሊ ሜትር፣ ማታ ብቻ መስታወቱ ላይ ይሄዳል፣ ቡናማ፣ ጠጉር የለውም፣ ጀርባው ላይ እንደ ጥፍር ያለች ጠፍጣፋ ቅርፊት አለች። ስነካው የኋላ ጫፉን ቆርጦ ጥሎ ሮጠ።

መላሽ፦ አየህ፣ ትል አይደለም። ስቶማቴላ የሚባል ቀንድ አውጣ ነው፣ የቆረጠው ይበቅልለታል። አልጌ ይግጣል፣ እዚያው ታንክህ ውስጥም ይራባል። ከበዙልህ ለባለ ትንሿ ታንክ ስጠው።