ድምፁን ከመግፋታችሁ በፊት፦ ማስተሪንግ ለምትጀምሩ ልጆች

ማስተሪንግ (ድምፆቹ ተቀላቅለው ያለቀውን ዘፈን ለአድማጭ የማዘጋጀት የመጨረሻ ሥራ) የጀመረ ወጣት ሁሉ ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። «የትኛው ሊሚተር ይሻላል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘፈኑ ከእጃችሁ ሲወጣ መጨረሻ ላይ የሚነካው መሣሪያ ሊሚተር ነው። እዚያ የተበላሸ ነገር ተበላሽቶ አድማጩ ጋ ይደርሳል። ግን የፕለጊን (ሶፍትዌር ውስጥ የሚገባ መሣሪያ) ስም ብቻ ብነግራችሁ ብዙም አልጠቀምኳችሁም። ከስሙ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ።

የሊሚተር ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ሲሊንግ የሚባል ጣሪያ ታበጁለታላችሁ። ከዚያ በላይ ምንም ፒክ (የድምፅ ጫፍ) እንዲያልፍ አይፈቅድም። ይህን ለማድረግ ሲግናሉን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገየውና የሚመጣውን ፒክ ቀድሞ ያየዋል። ሉክአሄድ የሚባለው ይኸው ነው። ፒኩ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠብቀዋል። ካለፈ በኋላ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። የመመለሻው ፍጥነት ሪሊዝ ነው። ፒኮቹ ስለተያዙ የቀረውን ሁሉ ወደ ላይ መግፋት ትችላላችሁ። ዘፈን የሚጮኸው በዚህ መንገድ ነው።

ጣጣውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። የሰው ጆሮ ሁለት ድምፅ ሲቀርብለት ከፍ ያለውን ይወዳል። ፍሌቸር እና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙን ከመሐለኛው ድምፅ ይበልጥ እየተወው ይሄዳል። ከፍ ስታደርጉት ደግሞ ቤዙ ይመለሳል። ስለዚህ ጌይኑን (የድምፁን መጠን) 4 ዴሲቤል ገፍታችሁ «ዋው፣ እንዴት ሞላ!» ስትሉ፣ ያደነቃችሁት ሊሚተሩን ላይሆን ይችላል። የቮልዩም ኖብ ብታዞሩም ያው ደስታ ይሰማችሁ ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ሊሚተርን ሁልጊዜ በእኩል ድምፅ አወዳድሩ። 5 ዴሲቤል ከገፋችሁ፣ ከሊሚተሩ በኋላ 5 ዴሲቤል ቀንሱ። አሁን ሊሚተሩንና ቅነሳውን አንድ ላይ ባይፓስ እያደረጋችሁ (ከመስመር እያወጣችሁ) እየመለሳችሁ ስሙ። ፋብፊልተር ፕሮ-ኤል 2 ላይ ይህን በአንድ ጠቅታ የሚያደርግ በተን አለ። ሌሎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ። የሌለው ከሆነ ከኋላው ተራ የጌይን ፕለጊን ማስቀመጥ ይበቃል። መጀመሪያ ስታደርጉት ቅር ይላችኋል። ያ ሁሉ «ሙላት» ይጠፋና የቀረው ጉዳቱ ብቻ ይሆናል። ደስ አይልም፤ ግን እውነተኛው ድምፅ እሱ ነው።

እስቲ አንድ ዘፈን አብረን እንስማ። ቨርሱ ላይ ቮካልና ጊታር አለ። ኮረሱ ላይ ኪክና ስኔር (ከበሮዎቹ)፣ ቤዝና የኋላ ድምፆች ይገባሉ። ጌይኑን ስትገፉ ቨርሱ ላይ የጌይን ሪዳክሽን ሜትሩ (ሊሚተሩ ስንት እንደቀነሰ የሚያሳየው) 1 ዴሲቤል ያሳያል እንበል። ኮረሱ ሲመጣ 6 ይደርሳል። ይህ ማለት ኮረሱ ከቨርሱ ጋር ሲነጻጸር 5 ዴሲቤል ያህል ወደ ታች ተጎትቷል ማለት ነው። አሬንጀሩ ለዚያች ቅጽበት የለፋበትን ከፍታ እናንተ በአንድ ኖብ ሰረዛችሁት። ኮረሱ ይገባል፤ ግን አይነሳም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ። ኪኩ በመታ ቁጥር ቮካሉ ትንሽ እየሰመጠ ይመለሳል? ስኔሩ «ጧ» ማለቱን ትቶ «ጠፍ» ይላል? የዘፋኙ ትንፋሽ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ መጣ? ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) ከመድረክ ወደ ፊት እየቀረበ ነው? «ስ» እና «ሽ» የሚሉት ድምፆች ጆሮ ይቆረጥማሉ? እነዚህ ሁሉ ሊሚተር ከአቅሙ በላይ እየሠራ መሆኑን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ሜትር አያሳያችሁም፤ ጆሮ ግን ይለያቸዋል። ለመልመድ የሚረዳ መንገድም አለ። አንዳንድ ሊሚተሮች የተቆረጠውን ብቻ ለይተው ያሰማሉ። እዚያ ውስጥ ቲክ ቲክ የሚሉ ጥቃቅን የከበሮ ጫፎች ብቻ ከሰማችሁ ደህና ነው። የዘፈኑን ቃላት መለየት ከጀመራችሁ ግን ብዙ እየበላችሁ ነው።

ሪሊዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወጣቶች ሳይነኩት ያልፋሉ። 50 ኸርዝ ላይ ያለ ቤዝ አንድ ዙር ለመጨረስ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሪሊዙ ከዚያ ካጠረ ሊሚተሩ በአንዱ ዙር ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሞገዱ ቅርጽ ይቀየራል። ያ ዲስቶርሽን ነው፤ ቤዙ ያጉረመርማል። በጣም ከረዘመ ደግሞ አንዱ የኪክ ምት ሌላውን ሁሉ ይዞ ይሰምጥና ቶሎ አይመለስም። ዘፈኑ ይደክማል። እኔ የምመክረው ከረጅሙ መጀመርን ነው። 300 ሚሊሰከንድ አካባቢ አድርጉትና ቤዙን ብቻ እየሰማችሁ ቀስ እያላችሁ አሳጥሩ። ማጉረምረም ሲጀምር ቁሙና ትንሽ መልሱት። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሊሚተሮች ሪሊዙን ራሳቸው የሚያስተካክሉበት ሞድ አላቸው። ጥሩ ናቸው፤ ተጠቀሙባቸው። ግን በእጅ ማድረግን የለመደ ጆሮ አውቶው ሲሳሳት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ዌቭስ እ.ኤ.አ. በ1994 ኤል1ን ሲያወጣ ሉክአሄድ ያለው የሶፍትዌር ሊሚተር ብርቅ ነበር። ዛሬ ከሥራ መሥሪያ ሶፍትዌራችሁ ጋር የመጣው ሊሚተር እንኳ ጨዋ ሥራ ይሠራል። በነጻ ከሚገኙት ላውድማክስ ሁለት ስላይደር ብቻ ያለው ቀላልና ንጹሕ ነገር ነው። ሊሚተር ነምበር 6 ደግሞ ኮምፕረሰር (ድምፅ የሚያመጣጥን) እና ክሊፐር (ጫፍ የሚቆርጥ) ጭምር ስላለው ለመማር እጅግ ደስ ይላል። ገንዘብ ሲኖራችሁ ፕሮ-ኤል 2 እና የአይዞቶፕ ኦዞን ውስጥ ያለው ማክሲማይዘር ስማቸው በከንቱ አልተነሳም። የመጀመሪያው ምን እየሠራ እንደሆነ በግልጽ ያሳያችኋል። ሁለተኛው ሲገፋ የመቻል አቅሙ ትልቅ ነው። ሁለቱንም ከመግዛታችሁ በፊት በነጻ መሞከር ይቻላል።

ሙከራውን ግን በሥርዓት አድርጉት። ራሳችሁ ሚክስ ያደረጋችሁትን (ድምፆቹን ያቀላቀላችሁትን) ሦስት የተለያየ ጠባይ ያለው ዘፈን ውሰዱ። አንዱ ቤዝ የበዛበት፣ አንዱ ቮካል ብቻውን የሚጎላበት፣ አንዱ ከበሮው ቀልጠፍ ያለ ይሁን። እያንዳንዱን ሊሚተር እስከ እኩል ላውድነስ (የጩኸት መጠን) ግፉና ድምፃቸውን አስተካክላችሁ አወዳድሩ። ስማቸውን ሳታዩ መስማት ብትችሉ ይመረጣል። የታዋቂ ሰው ሴቲንግ፣ ፕሪሴት፣ የሚያምር መልክ፣ እነዚህን ተዉአቸው። 2 ዴሲቤል ስትይዙ በጥሩ ሊሚተሮች መካከል ያለው ልዩነት ከምታስቡት ያነሰ ነው። 6 ስትይዙ ይለያያሉ፤ ያኔ ግን ሁሉም እየጎዱ ነው። ስለዚህ አንዱን ምረጡና ኑሩበት። አስር ሊሚተር ያለው ግን አንዱንም የማያውቅ ልጅ፣ አንዱን ነጻ ሊሚተር አብጠርጥሮ የሚያውቀውን አይደርስበትም።

ስለ ላውድነስ ቁጥር ትንሽ ልበል፤ ግራ መጋባቱ በዝቷል። ላውድነስ የሚለካበት ዓለም አቀፍ ስሌት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አሃዱም ሉፍስ ይባላል፤ ቁጥሩ ወደ 0 በቀረበ መጠን ዘፈኑ ይበልጥ ይጮኻል። ስፖቲፋይ በተለመደው ሴቲንጉ ዘፈኖችን ወደ -14 ሉፍስ ያመጣል። አፕል ሚውዚክ -16 አካባቢ ነው። ዩቲዩብ የጮኸውን ይቀንሳል፤ ያነሰውን ግን ከፍ አያደርግም። እንግዲህ -8 ላይ ያስጮኻችሁት ዘፈን ስፖቲፋይ ላይ 6 ዴሲቤል ተቀንሶ ይጫወታል። ስኔሩን የገደላችሁት በከንቱ ነው ማለት ነው። ያው ከፍታ ላይ፣ ትንፋሽ ያለው ዘፈን ከአጠገቡ ሲመጣ ይበልጠዋል።

ይህን ሰምታችሁ ግን ሁሉን ዘፈን -14 ላይ ለማሳረፍ አትሩጡ። -14 ማጫወቻው የሚጠቀምበት ቁጥር ነው እንጂ ለእናንተ የተሰጠ የሥራ ትዕዛዝ አይደለም። ማስተካከያውን የሚያጠፋ አድማጭ አለ። ዲጄ ዘፈናችሁን ከሌላው ቀጥሎ ያጫውተዋል። አንዳንዱ የሙዚቃ ዓይነት በተፈጥሮው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ -9 ላይ ተመችቶት ይቀመጣል። አንዱ ደግሞ -15 ላይ እንኳ ይጨነቃል። በእኩል ድምፅ ስታወዳድሩ ጉዳት የሚጀምርበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከዚያ ትንሽ ወደኋላ በሉ። እዚያ ላይ ሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር የዚያ ዘፈን ቁጥር ነው። አልበም ሲሆን ደግሞ ለስላሳውን ዘፈን ከጯሂው ጋር እኩል አታድርጉት። አልበሙ በተራ ሲደመጥ ስፖቲፋይ ሁሉንም ዘፈኖች በአንድ መጠን ነው ከፍና ዝቅ የሚያደርጋቸው፤ በመካከላቸው ያስቀመጣችሁትን ልዩነት ይጠብቃል።

ሲሊንጉን 0 ላይ አታድርጉ። ዲጂታል ፋይል ነጥቦች ናቸው። ድምፁ ወደ ስፒከር ሲወጣ በነጥቦቹ መካከል የሚፈጠረው ሞገድ ከነጥቦቹ በላይ ሊወጣ ይችላል። ትሩ ፒክ የሚባለው ይህ ነው። ፋይሉ ወደ ኤምፒ3 ወይም ኤኤሲ ሲቀየርም ፒኮች ይጨምራሉ። ስለዚህ ትሩ ፒኩን አብሩና -1 ላይ ቁሙ። ስፖቲፋይም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ማስተራችሁ ከ-14 ሉፍስ በላይ ከጮኸ ደግሞ ሲሊንጉን -2 ይላል። ማወዳደሩን ስትጨርሱ ከኋላ ያስቀመጣችሁትን ጌይን አንሱት፤ ከሊሚተሩ በኋላ ኢኪውም (የቃና ማስተካከያ) ሆነ ሌላ ነገር አታስገቡ፤ የያዛችሁትን ጣሪያ ያፈርሰዋል። ወደ 16 ቢት የምትወርዱ ከሆነ ዲዘር (ቢቱ ሲቀንስ የሚፈጠረውን መዛባት የሚሸፍን ስስ ጫጫታ) ብቻ መጨረሻ ላይ ይግባ።

አንድ ሊሚተር 3 ዴሲቤል እየያዘ ሲያቃስት ካያችሁ፣ ሌላ ሊሚተር ከመፈለጋችሁ በፊት ሚክሱን ክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ከ30 ኸርዝ በታች ማንም የማይሰማው ጉልበት ተቀምጦ ሊሚተሩን ይቀሰቅሰዋል። ወይም ስኔሩ ላይ ከሌላው ሁሉ ርቆ የወጣ ፒክ አለ። ስኔሩ ላይ ክሊፐር አድርጋችሁ ያንን ጫፍ ብቻ 1 ወይም 2 ዴሲቤል ብትቆርጡት ማንም ሳያውቀው ማስተራችሁ ይተነፍሳል። ክሊፐሩን ረዘም ባለ ቤዝና ቮካል ላይ አትሞክሩት፤ እዚያ ሲሰበር ወዲያው ይሰማል። ሚክሱ የሌላ ሰው ከሆነ ደውሉለት። «ኪኩን 1 ዴሲቤል ብትቀንስልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ሚክስ የሚልክላችሁንም ሰው ማስተር ትራኩ ላይ ያለውን ሊሚተር አጥፍቶ እንዲልክ ጠይቁት። ሊሚተሩ በርቶ የሰማውን ፋይል ለብቻው ይላክላችሁ፤ ምን እንደለመደ ታውቃላችሁ።

አርቲስቱ «ከእገሌ ዘፈን ያንሳል» ብሎ መምጣቱ አይቀርም። አትቆጡት። ለዘፈኑ ስለሚጨነቅ ነው። ስለ ሉፍስ ንግግር አታብዙበት። ሁለት ማስተር ሥሩለት፤ አንዱ እናንተ ያመናችሁበት፣ ሌላው እሱ በጠየቀው ልክ የጮኸ። ሁለቱን በእኩል ድምፅ አስተካክላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አሰሙት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አትንገሩት። ብዙው ሰው ስኔሩ የሚመታበትን ይመርጣል። የጮኸውን ከመረጠ ግን ዘፈኑ የሱ ነው። አኩርፋችሁ ሳይሆን በፍቅር፣ በሁለት ሊሚተር ከፋፍላችሁ፣ ሪሊዙን ተጠንቅቃችሁ፣ የቻላችሁትን ያህል ሳይሰበር ጨርሱለት።

ያለ ሊሚተር የወጣውን ፋይል ግን እንዳትሰርዙ። በ24 ቢት፣ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ ከማስተሩ አጠገብ አስቀምጡት። ያ ዘፈን አንድ ቀን ሸክላ ላይ ሊታተም ቢሆን፣ የሚቆርጠው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።